ያልጨፈረ ድስት

ፈልቷል፣ አዎ ፈልቷል፣ ባይፈላ ኖሮ ክዳኑን ስታነሳው ፊቷን የመታት ያ ሁሉ እንፋሎት ከየት መጣ፣ ግን እንፋሎት እኮ ምስክር አይሆንም፣ ሻይም ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጦ ይተናል፣ በብርድ ቀን በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው እንኳን ትከሻው ይተናል፣ ታዲያ ሰውየው ፈላ ይባላል እንዴ፣ አይባልም፣ እና ልጅቷ ማድ ቤቱ ውስጥ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ፣ አንድ እጇን ሹራቧ ሥር ከትታ፣ ሆዷን እንደ ሐኪም ታዳምጣለች። ተናገር እንጂ ሆድ። ሆዷ ዝም። ከዚያ ቡር ይላል። ይኼ ምንድን ነው። አየር ነው፣ ባዶ አየር፣ ወይስ መጀመሪያው ነው።

እስከ ጥፍሯ ድረስ ይበርዳታል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል፣ መብራት የለም፣ የጋዙ ሲሊንደር አልቆ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ጥግ ቆሟል፣ ቤቱ ውስጥ ትኩስ ነገር ቢኖር አንድ ድስት ብቻ ነው፣ እሱም ሳሎን፣ አባቷ አልጋ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኝቷል፣ እሷም የምትፈራው እሱን ነው። ድስት ትፈራለች። ጅብ አይደለም፣ ሌባ አይደለም፣ ድስት።

ረጋ በይ። ከሥሩ ጀምረሽ አስረጂ። ለማን፣ ለራስሽ ነዋ፣ ሌላ ማን አለ። ማስረዳት ነፍሷ ነው፣ በረዶ ለምን እንደሚንሳፈፍ፣ ሽንኩርት ለምን እንደሚያስለቅስ፣ ማንም ሳያስተምራት ከስልኳ ለቃቅማ ያወቀችውን ሁሉ ለቤቱ ታሰራጫለች፣ ለዚህ ነው አባቷ ሬዲዮ ብሎ ስም ያወጣላት፣ ዝም በይ አይላትም፣ ሬዲዮ ድምፅሽን ቀንሺ ይላታል እንጂ። እሺ፣ ሬዲዮ ታስረዳ። ለብርድ ቀን ከቦሎቄ ሾርባ የቀለለ ምግብ የለም። ቀዩን ቦሎቄ ማታ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ትደፊያለሽ፣ በአዲስ ውሃ ትጥጂዋለሽ፣ ካሮት በትልልቁ፣ ሽንኩርት ለሁለት ተከፍሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ቲማቲም መጨረሻ ላይ ነው፣ ለምን ቢሉ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ቦሎቄው እልኸኛ ይሆናል፣ አይለሰልስም። ከዚያ ድስቱን ታወርጂና ታስተኚዋለሽ። አዎ፣ እዚህ ቤት ድስት ይተኛል። በጋዜጣ ይጠቀለላል፣ በፎጣ ይጠቀለላል፣ በብርድ ልብስ ይጠቀለልና እንደ ሰው አልጋ ይገባል፣ ያለ እሳት ራሱን በራሱ ያበስላል፣ ምክንያቱም ሙቀት ማለት በሩ ከተዘጋበት እዚያው የሚያድር እንግዳ ነው። ጋዝ ይቆጥባል። አልጋም ያሞቃል። እናቷ ከእናቷ የወረሰችው ብልሃት ነው፣ ለመንደሩ ሁሉ ሬዲዮ ናት ያስረዳችው፣ በነፃ።

እናቷ ግን አንድ ነገር ትላለች። ያልጨፈረ ድስት አይተኛም። ክዳኑ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይበል፣ እኔ ዕቃ አጥቤ እስክጨርስ ይጨፍር፣ ጨፍሮ ጨፍሮ ሲደክመው ያን ጊዜ አስተኚው፣ ልጅ ሳይሮጥ ውሎ እንቅልፍ ይወስደዋል እንዴ። ሬዲዮ ይኼን ስትሰማ ትስቅ ነበር። ጨዋታ መስሏት። የእናት ወግ። ምክንያት ያልተነገረለት ነገር ጆሮዋ አያስገባም፣ ምክንያቱን ብትነግራት ኖሮ ግንባሯ ላይ ትጽፈው ነበር፣ እማዬም ምክንያቱን አታውቀው ይሆናል፣ ዝም ብላ ታስጨፍረዋለች፣ ማንንም ገድላ አታውቅም።

ገድላ። ምን ዓይነት ቃል ነው ይኼ። ማን ሞተ።

ዛሬ ጠዋት ድስቱ ምድጃው ላይ ነበር፣ ሊፈላ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ዝናቡ ድንገት ወረደ፣ የአባቷ ፒጃማና አንሶላ ገመድ ላይ ነው፣ ሮጠች፣ ጎረቤትየዋ ከአጥሩ ማዶ ጃንጥላ ይዛ ያዘቻት፣ አባትሽ እንዴት አደሩ፣ ደህና ናቸው፣ እንቅልፍስ፣ ደህና፣ እናትሽስ ደረሰች፣ ደርሳለች፣ እህትሽ ወንድ ነው ሴት የወለደችው፣ ሴት፣ እሰይ፣ እና አንሶላው እጇ ላይ እየበሰበሰ ሁሉንም መለሰች፣ ስትገባ እሳቱ ጠፍቷል። ጋዙ አልቋል። መቼ አለቀ። እንደ ወጣች ነው፣ ወይስ ልትገባ ስትል። የድስቱን ጎን ስትነካው ጣቷን ለበለባት፣ ካቃጠለ ፈልቷል ብላ ጠቀለለችው። ክዳኑ ሲጨፍርስ ሰምታለች ወይ። ዝናብ ነበር እኮ። ቆርቆሮው ራሱ ሲጨፍር ነበር።

ያኔ አልፈራችም። ድስቱን አቅፋ አባቷ እግር ሥር አስገባችው፣ እሱም ቀዝቃዛ እግሮቹን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ፣ አሁን ገና እግሬ ከሆስፒታል ወጣ አለ። ያንኮራፋል እንዴ ይኼ ድስት። አያንኮራፋም አባዬ፣ የሚሆነው ምን መሰለህ፣ ውስጡ ያለው ሙቀት፣ በቃ በቃ፣ ገብቶኛል፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ከዚያ ያን ነገር አለ። ሲበስል ከዚህ ስጪኝ፣ አማረኝ አለ። አማረኝ። ከሆስፒታል ከመጣ ወዲህ ያስቀመጡለትን ሁሉ በማንኪያ ከሳህኑ ጫፍ ጫፍ ሲያሳድደው ነው የሚውለው፣ ጉንጩ ገብቷል፣ የሰዓቱ ማሰሪያ ክንዱ ላይ ይዞራል፣ እና ዛሬ አማረኝ አለ፣ እሷም ደስ ብሏት ስልኳን አወጣች፣ ቦሎቄ ለቁስል ምን ይጠቅማል ብላ ልታነብ፣ አንብባ ልታስረዳው፣ ባትሪው ቀይ መስመር ላይ ደርሷል።

ባላነበበች።

ቀይ ቦሎቄ ውስጡ መርዝ አለ። እንዲህ ይላል፣ ቁልጭ ብሎ። በኃይል ካልተንተከተከ መርዙ አይሞትም፣ ለብ ባለ ሙቀት ብዙ ሰዓት የቆየማ ከጥሬው ይብሳል። ለብ ያለ ሙቀት፣ ብዙ ሰዓት። አልጋ ማለት ነው። ብርድ ልብስ ማለት ነው። ከበሉት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ አብዛኛው ሰው በማግሥቱ ይነሳል ይላል። አብዛኛው ሰው። አብዛኛው ሰው ሆዱ አልተሰፋም። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ዕድሜ ልኩን ጎማ አንስቶ፣ ጆንያ ገፍቶ፣ የሆዱ ግድግዳ ተቀዶ ነው የሰፉት፣ ቡአ ነው፣ ሐኪሙም በሩ ድረስ ሸኝቷት ነግሯታል፣ ሳል፣ ማስመለስ፣ ከባድ ዕቃ፣ ሦስቱን ከአባትሽ አርቂ፣ ስፌቱ ገና ጥሬ ነው። ጥሬ ነው ነው ያለው። ሰው አንዴ ሲያስመልስ ሆዱ እንዴት እንደሚጨማደድ ታውቃለች፣ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች፣ እንደ ጨርቅ ሲጠመዘዝ፣ ክሩ ሲወጠር፣ ሲወጠር።

ለእናቷ ደወለች። አንዲት ቀዝቃዛ ሴት መለሰችላት፣ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም። ደግማ ደወለች። አይቻልም። ስልኩ ጠፋ።

ስለዚህ በላችው። ምን ታድርግ። ሌላ ምን ዓይነት ሚዛን አላት፣ እሳት የለ፣ የምትጠይቀው ሰው የለ፣ አባቷ ሲያንቀላፋ ድስቱን ከእግሩ ሥር ቀስ ብላ ሳበችው፣ ማድ ቤት ወስዳ ፈታችው፣ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ ቆማ በላች፣ አንዳንዱ ፍሬ ቅቤ ነው፣ አንዳንዱ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፣ ቀጭ ሲል ልቧም ቀጭ እያለ በላች፣ ጠቅልላ መለሰችው። መርዝ ከሆነ እኔን ይነግረኛል፣ እኔ ካስመለስኩ እሱ አይበላም፣ ካላስመለስኩ ይበላል። ንፁሕ ፈተና። ሳይንስ።

ግን ስንት ሰዓት ሆነ። የግድግዳው ሰዓት ሳሎን ነው። ሳሎን ደግሞ እትዬ አሉ።

እትዬ የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ዝናብ ሲያባርራቸው ገቡ፣ ካፖርታቸውን ወንበር ላይ አንጠለጠሉ፣ ከገቡ ጀምሮ ያልለኩት ነገር የለም፣ የመጋረጃውን እርዝመት፣ የወንድማቸውን ጉንጭ፣ የምሳውን መዘግየት። አንቺ ልጅ፣ ምሳ ነው ወይስ ሠርግ ነው የምንጠብቀው። መጣሁ እትዬ። መጣሁ ብለሽ ከሄድሽ ቆየሽ። ጨው እያስተካከልኩ ነው። ጨውን ከባሕር ነው እንዴ የምትቀጂው። ድስቱ እኮ እዚህ አብሮት ተኝቷል፣ አንቺ እዚያ ምኑን ነው የምታስተካክዪው። እውነት ነው፣ ድስቱ እዚያ ነው፣ እሷ እዚህ ናት፣ የምታስተካክለው ሆዷን ነው።

አንተ፣ እስቲ ስፌቱን አሳየኝ። ተይኝ በሞቴ እቴ። ምን ያሳፍርሃል፣ ስፌት እኮ እንጀራዬ ነው። የፒጃማው ቁልፍ ሲፈታ ይሰማታል። ውይ ውይ ውይ፣ ይኼ ምን ዓይነት እጅ ነው፣ አራርቆ አራርቆ፣ ለትራስ ልብስ እንኳን እንዲህ አልሰፋም፣ ክሩን አንተ ነህ የገዛህለት። አታስቂኝ። ደግሞ ጠማማ ነው፣ መስመር አልሳበም እንዴ ሰውየው። አታስቂኝ እቴ፣ ስስቅ ይጎትተኛል፣ ኧረ በፈጠረሽ።

ስስቅ ይጎትተኛል። ሳቅ ከጎተተው ያኛው ምን ሊያደርገው ነው።

ንገሪያቸው በቃ። ውጪና ንገሪ። አፍ አለሽ፣ አፍሽ እንደሆነ ሬዲዮ ነው፣ በይ አሰራጪ፣ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ ከአባቴ እግር ሥር የተኛው መርዝ ነው፣ ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እትዬ ብድግ ይላሉ። አላልኩህም ይላሉ። ገና ሲገቡ ብለዋል እኮ፣ እሷ የማትሰማ መስሏቸው፣ ቀስ ብለው፣ ቀስ ማለት አያውቁም እንጂ፣ ልጅቷ ልጅ ናት፣ በወሬ ሆድ አይሞላም፣ እናቷ እስክትመለስ እኔ ጋ ትተኛለህ፣ ዛሬም ካልበላህ ይዤህ ነው የምሄደው፣ የታክሲውን ሰውዬ ወደ ማታ ብቅ በል ብየዋለሁ። እሱስ ምን አለ። ምንም አላለም። እንቢ አላለም። ለምን እንቢ አላለም። እማዬ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ አባትሽን ላንቺ ብላ፣ ላንቺ፣ ሌላ ሰው ሳትጠራ፣ እና እሷ ሳምንት ሳይሞላ በጭነት እንደመጣ ዕቃ በታክሲ ልታስረክበው ነው።

ወይም ደፋሁት ትበል። አዳለጠኝ ትበል። ያኔም አይበላም፣ ያኔም ታክሲው ይመጣል፣ ዳቦ አለ፣ የትናንት ዳቦ፣ ዳቦ አላማረውም፣ ያማረው ይኼ ነው። ሆድ ይፍጀው። ትጠብቅ። ሰዓቱ ይሙላ። ካልመጣ አልመጣም ማለት ነው፣ ያኔ በሳህን ሞልታ፣ በላዩ ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ፣ እየሳቀች፣ እያስረዳች፣ ማንም ሳያውቅ። ማንም።

ምራቋ ለምን በዛ። ዋጠችው። ደግሞ መጣ። ጽሑፉ ስለ ምራቅ ምን ይል ነበር፣ ማቅለሽለሽ ከመምጣቱ በፊት ምራቅ ይበዛል ይል ነበር፣ ይል ነበር ወይስ አሁን ነው የጨመረችው፣ ግንባሯን ታብሳለች፣ ላብ ነው፣ በዚህ ብርድ ላብ፣ የምጣዱን መደርደሪያ ትይዛለች። መጣ። አይ፣ ቆይ፣ ይኼ ፍርሃት ነው። ፍርሃትም ላብ አለው፣ ፍርሃትም ምራቅ አለው። እሷ እኮ ያነበበችው ሁሉ የሚሰማት ናት፣ በተጻፈበት ቅደም ተከተል ነው የሚሰማት፣ አንዴ ስለ እብድ ውሻ አንብባ፣ ውሻ ሳይነክሳት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ አልዋጥልሽ ብሏት ነበር፣ አባቷ በብርጭቆ ፊት ተቀምጦ እያባበለ፣ ጠጪ የኔ ልጅ፣ ውሻው አላነበበም።

እና ፈተናው ተበላሸ። ገባት። አሁን ገባት፣ ዘግይቶ፣ እንደ ውርጭ። የቀመሰው ፈሪ ከሆነ ሚዛኑ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ካስመለሰች ከፍርሃት ይሆናል፣ ካላስመለሰች ሆዷ ወጣት ስለሆነ ይሆናል፣ ድንጋይ ቢሰጡት የሚፈጭ ሆድ ነው የእሷ፣ ያልተሰፋ ሆድ፣ ስለ አባቷ ሆድ ምን ይመሰክራል፣ ምንም አይመሰክርም፣ ምንም ነገር በምንም አይታወቅም፣ ሊታወቅ የሚችለው ጠዋት ነበር፣ ክዳኑ አጠገብ ቆሞ በጆሮ፣ እንደ እማዬ፣ ዝም ብሎ።

ሬዲዮ። አባቷ ነው። ከሳሎን። ሬዲዮ፣ ዛሬ ጣቢያሽ ጠፋ እንዴ። ባትሪዋ አልቋል ይላሉ እትዬ። እውነቴን እኮ ነው፣ ይኼን ያህል ዝም ብላ አታውቅም፣ አንቺ ልጅ ደህና ነሽ። ደህና ነኝ አባዬ። ደህና ነኝ ስትል አፏ ውስጥ ያለው ምራቅ ጎርፍ ሆነ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች፣ ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ሽንት ቤቱ ከጓሮ ነው፣ አልደረሰችም፣ ግድግዳውን ይዛ አጎነበሰች፣ ሆዷ እንደ ጨርቅ ተጠመዘዘ፣ ሁሉም ወጣ፣ ካሮቱ፣ ቀዩ፣ ሁሉም፣ ደግሞ ተጠመዘዘ፣ እንዲህ ነው፣ በዚህ ኃይል ነው፣ ክር አይችለውም፣ የትኛውም ክር አይችለውም፣ የትራስ ልብስ ክር አይደለም ገመድም አይችለውም።

ዝናቡ ጀርባዋን ይመታል። ቀስ እያለ ይለቃታል። አፏን በዝናብ ውሃ ትጉመጠመጣለች። ቦሎቄው ነው ወይስ ፍርሃቱ። አላውቅም። አላውቅም ማለት ምን ያህል አስቀያሚ ቃል ነው፣ በሕይወቷ ስንቴ ተናግራዋለች፣ አታስታውስም፣ አይ፣ አሁን አያስፈልግም ማወቅ፣ መቼም ሊታወቅ አይችልም፣ ዝም ብዬ እገባለሁ፣ ድስቱን አወጣለሁ፣ እደፋዋለሁ፣ ታክሲውም ይምጣ፣ ይውሰደው፣ በሕይወቱ ይውሰደው።

ከዚያ ትሰማለች። በዝናቡ መሀል፣ ቀጭን። ማንኪያ ሳህን ሲነካ።

እትዬ መጠበቅ አያውቁም። መርፌ የያዘ እጅ ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። ድስቱን ራሳቸው ፈትተዋል፣ ጋዜጣው ወለሉ ላይ ነው፣ ፎጣው ወንበሩ ላይ፣ ሳህን ከየት አገኙ፣ ከቁም ሳጥኑ፣ የእንግዳውን ሳህን፣ አባቷ ትራስ ተደግፎ ቀና ብሏል፣ ማንኪያው ተነሥቷል፣ ማንኪያው አፉ ጋ ነው፣ ከንፈሩ ሾሏል፣ እሷ በሩ ላይ ናት፣ ውሃ ከፀጉሯ ይንጠባጠባል፣ ድምፅ የለም፣ ሬዲዮ ሆይ ድምፅ የለም፣ አፏን ትከፍታለች፣ ምንም፣ ከዚያ አንድ ነገር ይወጣል፣ ቃል አይመስልም።

አትብላ!

ማንኪያው ይቆማል። ዋጥክ፣ አባዬ ዋጥክ ወይ፣ አፍህን ክፈት፣ ዋጥክ። አባቷ ያያታል። ኧረ አልዋጥኩም፣ ትኩስ ነው፣ እፍ እያልኩበት ነበር። እፍ። ሊያቀዘቅዘው እንጂ ሊበላው ገና ነበር። ሙቀቱ እስካሁን ያልወጣ እንግዳ። እና አልጋው ጫፍ ትቀመጣለች፣ ሳህኑን ከእጁ ትወስዳለች፣ ታስረዳለች፣ ሁሉንም፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ጋዙ፣ ዝናቡ፣ አንሶላው፣ ጎረቤትየዋ፣ ክዳኑ፣ መርዙ፣ በኃይል ካልተንተከተከ፣ ለብ ባለ ሙቀት፣ ሐኪሙ፣ ሳል ማስመለስ ከባድ ዕቃ፣ ስልኩ፣ እና እኔ ቀመስኩት፣ ፈተና ነበር፣ አስመለስኩ፣ ግን ከምን እንደሆነ አላውቅም፣ አላውቅም አባዬ፣ አላውቅም።

አሁን ይመጣል። አላልኩህም የሚለው ቃል። ትጠብቀዋለች፣ አንገቷን ደፍታ።

በላሽው፣ ይላሉ እትዬ። አዎ እትዬ። እኛ እንዳንበላው። አዎ። ሳህን ሙሉ። አዎ። ሞኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ሞኝ፣ ማንኪያ አይበቃሽም ነበር። ከዚያ ካፖርታቸውን ከወንበሩ ያነሳሉ፣ ለበሱት ስትል አልለበሱትም፣ ድስቱን አለበሱት፣ እንደ ሕፃን ጠቅልለው አቀፉት። እትዬ ወዴት ነው። ዳቦ ቤት ነዋ፣ እሳት ያለው እዚያ ነው፣ ዳቦ ጋጋሪው ሱሪውን ለሦስተኛ ጊዜ ሰፍቼለታለሁ፣ ዛሬ አፉን ከፍቶ እንቢ ይበለኝና እፈታበታለሁ። ምን ያህል ይንተክተክ ነው የሚለው ስልክሽ። አሥር ደቂቃ ሙሉ እትዬ፣ በኃይል፣ ግን እማዬ ዕቃ አጥቤ እስክጨርስ ነው የምትለው። የእናትሽን ይሁን፣ እኔ ዕቃ ሳጥብ ቀስ ብዬ ነው። በሩ ተከፈተ፣ ዝናቡ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

አባቷና እሷ። ባዶው የአልጋ ጫፍ፣ ድስቱ የተኛበት ጉድጓድ ገና አልቀዘቀዘም፣ ገና ይሞቃል። እግሩን እዚያ ይከታል። አሁንስ ሆድሽ፣ ይላል። አላውቅም። ፍርሃቱን ከሕመሙ መለየት አቃተኝ አባዬ። እኔስ መች ለይቼ አውቃለሁ፣ ይላል፣ ያቺን ትልቋን ቁልቁለት ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ መኪናዬን አቆማለሁ፣ ሆዴን ይዤ ቁጥቋጦ ውስጥ እገባለሁ፣ ረዳቴ ይስቃል፣ ጌታው ደግሞ ጀመረዎት ይለኛል፣ ከዚያ ወጥቼ ፍሬኑን እሞክራለሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በመጀመሪያ ማርሽ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ፍሬኑ ልቅ ሆነ። ምን ሆንክ። ምንም አልሆንኩም፣ ቀስ ብዬ ነበራ፣ ዳገት ፈልጌ አስጠጋኋት። እና ከፍርሃት ነበር ወይስ ከሆድ ሕመም። እንጃ፣ ይላል፣ ማንኛውም ይሁን፣ ያቆመኝ እሱ ነው።

ጣቢያሽ ተመለሰ፣ ይላል። መሳቅ ይፈልጋል፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይይዛል፣ አትሳቅ አባዬ፣ አልሳቅኩም።

ግን ይዘገያሉ። እትዬ ለምን ዘገዩ። አዳልጧቸው ቢሆንስ፣ ዳቦ ቤቱ ተዘግቶ ቢሆንስ፣ ዳቦ ጋጋሪው እንዲሁ ትንሽ አሙቆ ፈልቷል ቢላቸውስ፣ ሰው ሁሉ እንፋሎት ሲያይ ፈልቷል ነው የሚለው፣ እሷ ራሷ ያለችው ነው፣ ልሂድ፣ ልከተላቸው፣ እሱን ብቻውን ትቼ፣ አይሆንም፣ በመስኮቱ ታያለች፣ መንገዱ ጎርፍ ነው፣ አንድ ሰው በላስቲክ ተሸፍኖ ይሮጣል፣ አይደሉም፣ ደግሞ ሌላ፣ አይደሉም፣ ከዚያ ካፖርት የሌላቸው፣ ሻርፓቸው ግንባራቸው ላይ የተጣበቀ፣ ጎንበስ ብለው፣ ደረታቸው ላይ ትልቅ ነገር ታቅፈው።

በሩን ትከፍታለች። እትዬ ይገባሉ፣ ከአገጫቸው ውሃ ይወርዳል፣ ድስቱ ግን ደረቅ ነው፣ ካፖርቱን ሲገልጡት ሽታው ቤቱን ይሞላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ትንሽ ጭስ፣ የዳቦ ሽታም ተቀላቅሎበታል። ፈላ እትዬ፣ በኃይል ፈላ። እትዬ አያዩዋትም፣ ይለኳታል፣ ከፀጉሯ እስከ ጭቃማ ጫማዋ። ዳቦ ጋጋሪው ድስትዎን ይዘው ይውጡልኝ፣ ጭንቅላቴን አዞረኝ እስኪለኝ ጨፈረ፣ አጠገቡ ቆሜ ነበር፣ ክዳኑን በእጄ ይዤው ሁለቴ አመለጠኝ፣ ይኸው ጣቴ። ጨፍሯል። እኔ ምስክር ነኝ።

ጣታቸው ቀልቷል። መርፌ የሚይዙበት ጣት።

ሦስት ሳህን ይቀርባል። ማንም አይነካም። አባቷ ማንኪያውን ይዞ እሷን ያያል፣ እትዬም ያዩዋታል፣ የታክሲው ሰውዬ ቢመጣስ ትላለች፣ ቢመጣ ሾርባ ይብላና ይሂድ ይላሉ እትዬ፣ በይ እንግዲህ አንቺ ቀማሽ፣ ጀምሪ፣ በማንኪያ ብቻ። ማንኪያዋን ታነሳለች። እፍ ትላለች፣ ትቀምሳለች፣ አንድ ፍሬ ጥርሷ መሀል አስገብታ ትጠብቃለች። ቀጭ አይልም። ይሟሟል። ዝም ብላ ትውጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይጨፍራል፣ አባቷ እፍ ይላል፣ እፍ፣ እፍ፣ ከዚያ ይጎርሳል፣ አላምጦ ይውጣል፣ እሷ ጉሮሮውን ታያለች፣ ሲወርድ ታያለች፣ ደግሞ ማንኪያውን ይነክራል፣ እና ሆዷ ቡር ይላል። ጮክ ብሎ፣ ሰው እስኪሰማ። እጇን ሹራቧ ሥር ትከታለች፣ ታዳምጣለች፣ ይኼ ምንድን ነው፣ ደግሞ ቡር፣ ይኼማ፣ ይኼን ታውቀዋለች፣ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ይኼ ራብ ነው።